ፕሮጀክሽን ሲቀየር ተራራው ላይ የሚወጣው መረብ ከየት ይመጣል?

የከፍታ መረጃ፣ በተለምዶ ዴም የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የቦታው መለኪያ በዲግሪ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሥራው ደግሞ በሜትር ነው። ስለዚህ የፋይሉን ፕሮጀክሽን፣ ማለትም ክቡን ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማስቀመጫ ስሌቱን፣ ወደ ዩቲኤም ወይም ወደ ሌላ በሜትር የሚለካ መቀየር የመጀመሪያው እርምጃ ይሆናል። ተቀየረ። ግራጫው ምስል እንደበፊቱ ነው፤ ተራራውም ሸለቆውም ቦታቸው ላይ አሉ። ሂልሼድ፣ ማለትም ብርሃን ከጎን እንደበራበት አድርጎ መሬቱን በጥላ የሚያሳይ ምስል፣ ሲሠራ ግን ጉዱ ይወጣል። ተራራው ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ወደ ታችም ወደ ጎንም ሄደዋል። እኩል እኩል ተራርቀው በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ።

ተፈጥሮ እንዲህ ያለ መስመር አታሰምርም። እኛ ነን ያሰመርነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ፋይሉን እንደገና ያወርዳል። አንዳንዱ ሶፍትዌር ይቀይራል። ሁለቱም ብዙም አይረዱም። መረጃው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ሶፍትዌሩም የታዘዘውን ነው የሠራው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ሳናየው ባለፍነው አንድ ምርጫ ላይ ነው። ደግነቱ እንከኖቹ መልካቸው ይለያያል። መረብ ሌላ ነው፣ ደረጃ ሌላ ነው፣ ጠርዝ ላይ የቆመ ግድግዳ ሌላ ነው። መልኩን የለየ ሰው ምንጩን ለማግኘት አይቸገርም።

ግራጫው ላይ የማይታየው ሂልሼድ ላይ ለምን ይታያል?

ዴም ማለት የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል አንድ ቁጥር ይይዛል፤ ቁጥሩም ከፍታ ነው። ፕሮጀክሽን ስንቀይር ሶፍትዌሩ አሮጌዎቹን ፒክስሎች አንስቶ አያዛውራቸውም። አዲስ ባዶ ሰንጠረዥ ይዘረጋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ አዲስ ፒክስል አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ቦታ በአሮጌው ሰንጠረዥ ላይ የት ነበር? መልሱ አሮጌ ፒክስል መሃል ላይ በትክክል አይወድቅም ማለት ይቻላል። በሁለት ወይም በአራት ፒክስሎች መካከል ነው የሚያርፈው። ያኔ ምን ቁጥር ይሰጠው? ይህ ውሳኔ ሪሳምፕሊንግ ይባላል። ከእንከኖቹ አብዛኞቹ የሚወለዱት እዚህ ነው።

ሂልሼድ ደግሞ ከፍታን አያሳይም። የሚያሳየው ከፍታው ከአንዱ ፒክስል ወደ ጎረቤቱ ምን ያህል እንደተለወጠ ነው። የተዳፋቱ መጠን፣ ስሎፕም፣ እንደዚያው። የተለሰነ ግድግዳ ፊት ለፊት ሲያዩት ልስልስ ያለ ይመስላል። ባትሪ ከጎን ሲያበሩበት ግን ትንሿ እብጠት ሳትቀር ጥላ ትጥላለች። ሂልሼድ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በ3000 ሜትር ተራራ ላይ የ1 ሜትር ስህተት በግራጫው ምስል ዓይን አይገባም። በሂልሼድ ግን አፍጥጦ ይታያል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፤ ፕሮጀክሽን የተቀየረ ዴም በግራጫው አይታይ። ሂልሼዱን ሠርታችሁ ፈትሹት፤ የመጨረሻ ሥራችሁ ሂልሼድ ባይሆንም። ውሃ ወዴት እንደሚፈስ የምታሰሉ ከሆነ በሂልሼድ የሚታየው መስመር ስሌታችሁ ውስጥም አለ። የሐሰት ቦይ ሆኖ ውሃውን ይመራላችኋል።

ፋይሉ ላይ ነው ወይስ ስክሪኑ ላይ?

ይህን ሳይለዩ ማስተካከል መጀመር ጊዜ ማቃጠል ነው።

እንደ ኪውጂአይኤስ ያሉ የካርታ ሶፍትዌሮች ፋይሉ በሌላ ፕሮጀክሽን ቢሆንም ካርታው ላይ አስተካክለው ያሳያሉ። ይህን የሚያደርጉት በቅጽበት፣ ለስክሪን ብቻ ነው። ሂልሼዱን እንደ ማሳያ ስታይል ከመረጣችሁት ስሌቱ የሚሠራው ለስክሪን በተዘጋጀው መረጃ ላይ ሊሆን ይችላል። መረቡ እዚያው ይወለዳል፤ ፋይሉ ግን ንጹሕ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ካርታውን አጉሉት፣ አሳንሱት፣ ትንሽ ገፋ አድርጉት። መስመሮቹ ቦታ ከቀየሩ ወይም ርቀታቸው ከተለወጠ ነገሩ የስክሪን ነው። መሬቱ ላይ አንድ ቦታ ተተክለው ከቀሩ ፋይሉ ውስጥ ናቸው። ሌላው መንገድ የፕሮጀክቱን ፕሮጀክሽን ከፋይሉ ጋር አንድ አድርጎ፣ አንድ የመረጃ ፒክስል በአንድ የስክሪን ፒክስል ልክ ሲሆን ማየት ነው። መረቡ ከጠፋ ፋይሉ ላይ እጃችሁን አታሳርፉ። በማሳያው ቅንብር ውስጥ ሪሳምፕሊንጉን ከኒረስት ኔበር ወደ ባይሊኒየር ወይም ኪዩቢክ መቀየር ይበቃል፤ ዘዴዎቹን ከታች እናያቸዋለን።

ፒራሚድም ሰው ይሸውዳል። ትልቅ ፋይል ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ የሚሠራው የተቀነሰ ቅጂ ነው። እሱ በኒረስት ኔበር ከተሠራ ካርታው ሲያንስ የተፈረካከሰ ይመስላል፤ ሲጎላ ደግሞ ምንም የለም። ፒራሚዱን በአማካይ እንደገና መሥራት ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናውን ፋይል፣ ያልተነካውን፣ በራሱ ፕሮጀክሽን ከፍታችሁ ሂልሼድ ሥሩለት። እንከኑ እዚያም ካለ ፕሮጀክሽን መቀየሩን አትክሰሱ። እዚያ ከሌለና ከተቀየረው ላይ ካለ ግን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል።

መረቡ

መረቡን የሚፈጥረው ኒረስት ኔበር ነው። ይህ ዘዴ ቅርብ ያለውን አሮጌ ፒክስል ይፈልግና ቁጥሩን እንዳለ ይገለብጣል። ምንም አያሰላም። ጂዳል የሚባለው ሶፍትዌር ፕሮጀክሽን መቀየሪያ፣ ጂዳል ዋርፕ፣ ምንም ካልተነገረው የሚመርጠው ይህንን ነው። የኪውጂአይኤስ የዋርፕ መስኮትም ሲከፈት የተመረጠው እሱ ነው። ሳናየው ያለፍነው ምርጫ ያልኩት ይህ ነው።

በቁጥር እንየው። አሮጌው ፒክስል 31 ሜትር ይሁን። በዲግሪ የሚመጣ የ1 አርክ ሰከንድ (የዲግሪ 3600ኛ ክፍል) ዴም ከምድር ወገብ አካባቢ ወደዚያ ይጠጋል። አዲሱን 30 ሜትር አድርጋችሁታል። መሬቱ ደግሞ በእያንዳንዱ 100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ፣ ምንም ጉብታ የሌለው ተዳፋት ነው። ስለዚህ በአሮጌው ሰንጠረዥ ከፒክስል ወደ ፒክስል ከፍታው በ3.1 ሜትር ይጨምራል።

አዲሶቹ ፒክስሎች ትንሽ ጠበብ ስለሚሉ ከአሮጌዎቹ ይበዛሉ። 30 አሮጌ ፒክስሎች በነበሩበት ቦታ 31 አዲስ ይገባሉ። ቁጥር ግን ያለው ለ30 ብቻ ነው። ስለዚህ ከ31 አንዴ፣ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ቁጥር ይይዛሉ። በእነሱ መካከል መሬቱ ሜዳ ሆነ ማለት ነው። ስሎፕ የሚሰላው በሦስት በሦስት መስኮት፣ ከግራ ጎረቤት እስከ ቀኝ ጎረቤት ባለው ልዩነት ነው። በሌላው ቦታ ልዩነቱ በ60 ሜትር ውስጥ 6.2 ሜትር ሲሆን በተደገሙት ላይ 3.1 ይሆናል። 10 ከመቶ የነበረው ተዳፋት 5 ከመቶ ገደማ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁለት ፒክስል ስፋት ያለው መስመር፣ ከላይ እስከ ታች።

ከፍታው ላይ የተፈጠረው ስህተት ስንት ነው? ቢበዛ 1 ሜትር ተኩል። ስሎፑ ላይ ግን ግማሽ በግማሽ። ግራጫው ምስል ዝም ብሎ ሂልሼዱ የጮኸው ለዚህ ነው።

የመስመሮቹ ርቀትም ይመሰክራል። በየ31 ፒክስሉ፣ ማለትም በየ930 ሜትሩ አንድ መስመር። የእናንተን የፒክስል መጠኖች ወስዳችሁ ይህን ስሌት ሥሩት። መስመሮቹ ካርታው ላይ ካላቸው ርቀት ጋር ከገጠመ ጥፋተኛው ተይዟል።

ከምድር ወገብ ስንርቅ ነገሩ ይብሳል። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ 1 አርክ ሰከንድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲለካ በ45 ዲግሪ ኬክሮስ 22 ሜትር ያህል ነው፤ በ60 ዲግሪ ከ16 ሜትር በታች ይወርዳል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ግን 31 ሜትር እንደሆነ ይቀራል። በ45 ዲግሪ ላይ ወደ 30 ሜትር ካሬ ፒክስል ስትቀይሩ በአንዱ አቅጣጫ ረድፍ ይደገማል፣ በሌላው ደግሞ ከአራት ዓምድ አንድ ገደማ ጭራሽ ይጣላል። መረቡ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላ በኩል ጠበብ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሮቹ ዘመም ወይም ጎበጥ ካሉም አይግረማችሁ፤ ሁለቱ ሰንጠረዦች እርስ በርስ ትንሽ ስለሚዞሩ ነው።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

ለከፍታ፦ ባይሊኒየር ወይም ኪዩቢክ። ኒረስት ኔበር የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። የመሬት አጠቃቀም ካርታ ላይ 3 ደን፣ 5 ውሃ ከሆነ አማካዩ 4 ትርጉም የለውም፤ እዚያ ኒረስት ኔበር ግዴታ ነው። ከፍታ ግን ያለማቋረጥ የሚለዋወጥ መጠን ነው። በ1200 እና በ1210 መካከል 1205 አለ።

ባይሊኒየር በዙሪያው ያሉትን አራት ፒክስሎች እንደ ቅርበታቸው እየመዘነ ያማክላል። ፈጣን ነው፤ ከዙሪያው ካሉት ቁጥሮች በላይም በታችም የሆነ ቁጥር አይፈጥርም። ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው። አዲሱ ፒክስል አሮጌው መሃል ላይ ሲያርፍ ቁጥሩ አይነካም። በሁለት መካከል ሲያርፍ ደግሞ በደንብ ይለሰልሳል። ስለዚህ ሸካራው መሬት በተወሰነ ርቀት ሸካራ፣ ለስላሳ፣ ሸካራ፣ ለስላሳ እየሆነ ይሄዳል። በሂልሼድ ላይ ፈዘዝ ያለ መረብ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ባይሊኒየር ተጠቅሜም መስመሩ አልጠፋም ብሎ ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ኪዩቢክ ሰፋ ያለ አካባቢ ስለሚያይ ይህን በጣም ይቀንሰዋል። እኔ ለተራ ሥራ የምመርጠው ኪዩቢክን ነው።

ኪዩቢክና ላንዞስ የሚባለው ሌላ ዘዴ የሚያስቸግሩት ገደል ጫፍ ላይ ነው። ድንገተኛ ዝላይ ሲያገኙ አልፈው ይሄዳሉ፤ ከገደሉ በላይ ትንሽ ከንፈር፣ ከሥሩ ትንሽ ጉድጓድ ይሠራሉ። ከገደል ሥር ያለ ሐይቅ ዳር ዳሩን ዝቅ ሊል ይችላል። ሥራችሁ የውሃ ፍሰት ከሆነ ባይሊኒየር ይሻላችኋል።

ከ30 ሜትር ወደ 250 ሜትር ዓይነት ትልቅ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ አቬሬጅ የሚለውን ተጠቀሙ፤ በአዲሱ ፒክስል ውስጥ የወደቁት ሁሉ ይማከላሉ።

ደረጃዎቹ

ሜዳማ ቦታ ላይ ሂልሼዱ የእርከን መሬት ከመሰለ፣ ወይም እኩል ከፍታን የሚያገናኝ የኮንቱር መስመር የተሰመረበት ከመሰለ፣ ጉዳዩ የቁጥሩ ዓይነት ነው።

በየካቲት 2000 በጠፈር መንኮራኩር ላይ በተጫነ ራዳር የተሰበሰበው ኤስአርቲኤም ከፍታን በሙሉ ሜትር ነው የሚይዘው። 1204 አለ፣ 1205 አለ፣ 1204.5 የለም። ተራራ ላይ ይህ ምንም አይደለም። በ1000 ሜትር 1 ሜትር ብቻ የሚወርድ ሜዳ ላይ ግን ከ30 በላይ ፒክስሎች አንድ ቁጥር ይዘው ይሄዱና በድንገት 1 ሜትር ይወርዳሉ። ሂልሼዱ የሚያየው ዝላዩን ብቻ ነው።

ፕሮጀክሽን ስንቀይር ነገሩን እናባብሰዋለን። የምትጽፉት ፋይል ኢንቲጀር ከሆነ ባይሊኒየር 1204.5 ብሎ ያሰላውን ሶፍትዌሩ ወደ ሙሉ ቁጥር ይመልሰዋል። ያሰላነው ሁሉ ገደል ገባ። ስለዚህ ውጤቱን አስርዮሽ የሚይዘውን ፍሎት 32 አድርጉት። ፋይሉ ይከብዳል፤ ይክበድ። ፍሎት ማድረግ ግን ዋናው ፋይል ላይ የነበረውን የ1 ሜትር ዝላይ አያጠፋም፤ አዲስ እንዳይጨመር ነው የሚከለክለው። ሜዳ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከመነሻው በአስርዮሽ የተቀመጠ መረጃ መፈለግ ይበጃል። ኮፐርኒከስ ከሚባለው የአውሮፓ የሳተላይት ፕሮግራም የሚወጣው ዴም እንደዚያ ነው።

ደረጃዎቹ የ1 ሜትር ሳይሆን የ10 ወይም የ15 ሜትር ከሆኑ ሌላ ነገር ጠርጥሩ። ምናልባት መረጃውን ሳይሆን ምስሉን ነው ያስቀመጣችሁት። ኪውጂአይኤስ ራስተር ሲያስቀምጥ ጥሬ መረጃ ወይስ የተሳለ ምስል ብሎ ይጠይቃል። የተሳለው ምስል ግራጫ ደረጃዎች 256 ብቻ ናቸው። ከ0 እስከ 2550 ሜትር የሚደርስ መሬት በ256 ሲከፈል እያንዳንዱ ደረጃ 10 ሜትር ነው። ይህ ፋይል አይጠገንም። ወደ ዋናው ተመለሱ።

ባዶው ባዶ መሆኑ ካልተነገረ

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው፤ አንዳንዴ እንከን ስለማይመስል።

ዴም ውስጥ መረጃ የሌለበት ቦታ ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። በኤስአርቲኤም -32768 ነው። ሌላ ቦታ -9999 ታገኛላችሁ። ፋይሉ ራሱ ይህ ቁጥር ኖ ዳታ ነው ብሎ ከተናገረ ሶፍትዌሩ ይዘለዋል። ካልተናገረ ግን -32768 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነው ብሎ ያምናል። ከዚያም ከጎረቤቱ ጋር ያማክለዋል።

1200 ሜትር ላይ ያለ መሬትና አንድ ባዶ ፒክስል ጎን ለጎን ቢሆኑ፣ ባይሊኒየር እኩል ከመዘናቸው ውጤቱ -15784 ነው። ይህ ይታያል፤ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ግን ባዶው ፒክስል ራቅ ብሎ 1 ከመቶ ብቻ ቢመዘንስ? 1188 ሲደመር -327.68፤ ውጤቱ 860 ሜትር ገደማ። እውነተኛ ሸለቆ ይመስላል። ከፍታው ለአካባቢው የሚያሳምን ነው። በኋላ -32768ን ኖ ዳታ ነው ብላችሁ ብታስመዘግቡ እንኳ ይህ ፒክስል አይነካም፤ ቁጥሩ ከእንግዲህ -32768 አይደለማ። የተቀላቀለ ቁጥር መልሶ አይለይም።

ስለዚህ ፕሮጀክሽን ከመቀየራችሁ በፊት የፋይሉን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር እዩ። ትንሹ የማይመስል ከሆነ ኖ ዳታው አልተመዘገበም። የምንጩን ኖ ዳታ ራሳችሁ ንገሩት።

የውጤቱንም እንዲሁ። በዲግሪ አራት ማዕዘን የነበረው ፋይል በሜትር ሲሆን ጎኖቹ ይዘማሉ። ፋይል ግን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ስለዚህ ጥግ ጥጉ ላይ ሽብልቅ የመሰለ ባዶ ቦታ ይተርፋል። የውጤቱ ኖ ዳታ ካልተወሰነ ሶፍትዌሩ እዚያ ዜሮ ይሞላል። ዜሮ ደግሞ የባሕር ወለል ነው። 2000 ሜትር ላይ ያለ አገር ዙሪያውን 2000 ሜትር ግድግዳ ይቆምለታል። ሂልሼዱ ጠርዝ ላይ ወፍራም ጥቁር ወይም ነጭ መስመር ካሳያችሁ ይኸው ነው።

ትንንሽ ጉድጓዶች ከበዙ ፕሮጀክሽን ከመቀየር በፊት መሙላት ይሻላል። ዙሪያቸው ገና ያልተነካካ ስለሆነ መሙያው የሚነሳው ከእውነተኛ ቁጥር ነው።

መገጣጠሚያው

ዴም በታይል በታይል፣ ማለትም በቁራጭ በቁራጭ፣ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው እያንዳንዱን ታይል ለየብቻው ይቀይርና በኋላ ያገጣጥማል። በየመገጣጠሚያው መስመር ይወጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ታይሉ ብቻውን ሲቀየር ጠርዙ ላይ ያሉት ፒክስሎች የሚያማክሉት ጎረቤት የላቸውም። ሁለተኛው፣ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ታይል የራሱን መነሻ ነጥብና የራሱን የፒክስል መጠን ያወጣል፤ አንዱ 30.4፣ ሌላው 30.6 ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሰንጠረዦች አይገጥሙም። ለማገጣጠም ደግሞ ሌላ ሪሳምፕሊንግ ይደረጋል።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ታይሎቹን በዋናው ፕሮጀክሽን አገጣጥሙ። ጂዳል ቪአርቲ የሚባል ቀላል ፋይል ይሠራል፤ መረጃውን ሳይገለብጥ ታይሎቹን እንደ አንድ ያሳያል። ከዚያ አንዴ ብቻ ቀይሩ። ታይሎቹን ለየብቻ ከመቀየር ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ የፒክስሉን መጠን ራሳችሁ ወስኑ፤ ታርጌት አላይንድ ፒክስልስ የሚለውንም አብሩ። ያኔ ሁሉም ታይል በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ያርፋል። ጠርዝ ላይ የሚጎድለው ጎረቤት ግን በዚህ አይመለስም።

ሂልሼዱንም በየታይሉ አትሥሩ። ስሌቱ ጎረቤት ስለሚፈልግ ጠርዝ ላይ 1 ፒክስል ባዶ ይተዋል።

ሌላው የመገጣጠሚያ ጣጣ የግማሽ ፒክስል መንሸራተት ነው። አንዳንድ ፋይል ቁጥሩ የፒክስሉ መሃል ነጥብ ነው ይላል፤ ሌላው ቁጥሩ የመላው ካሬ ነው ይላል። ሶፍትዌር ይህን ሲያምታታ መረጃው ግማሽ ፒክስል ይገፋል። በ30 ሜትር ፒክስል ይህ 15 ሜትር ነው፤ በ30 ከመቶ ተዳፋት ላይ የ4 ሜትር ተኩል የከፍታ ልዩነት ያመጣል። ለማወቅ ሁለቱን ዴሞች አቀናንሱ። ልዩነቱ ራሱ ሂልሼድ ከመሰለ፣ ማለትም የተራራው አንድ ጎን ፖዘቲቭ ሌላው ጎን ኔጌቲቭ ከሆነ፣ አንዱ ተንሸራቷል።

በታይል ወሰን ላይ ሳይሆን ፋይሉ መሃል ላይ ስብርብር ያለ መስመር ካያችሁ ደግሞ የጂዳልን የስሌት ግምት ጠርጥሩ። ጂዳል ለፍጥነት ሲል የእያንዳንዱን ፒክስል ቦታ በትክክል አያሰላም። የተወሰኑትን አስልቶ መካከሉን ይገምታል። እስከ 0.125 ፒክስል ስህተት ይፈቅዳል። ይህን ዜሮ ማድረግ ይቻላል። ይዘገያል፣ ግን ያስተካክላል። እምብዛም አያጋጥምም።

ዲግሪና ሜትር ሲደባለቁ

ሂልሼዱ በጠቅላላ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ ከወጣ ፕሮጀክሽኑ ገና አልተቀየረም። አግድሙ በዲግሪ፣ ቁመቱ በሜትር ነው። ሶፍትዌሩ 3 ሜትር ከፍታ በ0.00028 ሜትር ርቀት ውስጥ ወጣ ብሎ ያስባል። ሁሉም ነገር ገደል ነው። ወይ ወደ ሜትር ቀይሩ፣ ወይ ስኬሉን፣ ማለትም የቁመቱና የአግድሙ መለኪያ ጥምርታ፣ 111120 በሉት፤ 1 ዲግሪ በግምት ያን ያህል ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ለምሥራቅ ምዕራቡ አቅጣጫ እየሳተ ይሄዳል።

ለድረ ገጽ ካርታ የሚያገለግለው ዌብ መርኬተርም በሜትር ነው ተብሎ ያታልላል። ሜትሩ የውሸት ነው። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ርቀት ሁሉ እጥፍ ሆኖ ይለካል፤ ስለዚህ 20 ከመቶ የሆነ ተዳፋት 10 ከመቶ ይባላል። ለማየት ይሁን፤ ስሎፕ ግን አታስሉበት።

በነገራችን ላይ፣ ተዳፋቱ ወዴት እንደሚያይ የሚናገረውን አስፔክት አስልታችሁ በኋላ ፕሮጀክሽኑን አትቀይሩ። 359 ዲግሪና 1 ዲግሪ ሁለቱም ሰሜን ናቸው። ባይሊኒየር ሲያማክላቸው 180 ይሰጣችኋል፤ ደቡብ። ከፍታውን ቀይሩ፣ አስፔክቱን ከተቀየረው አስሉ።

ፕሮጀክሽኑ የሌለበት

አንዳንድ እንከን ከመነሻው ያለ ነው። የኤስአርቲኤም መረጃ አንዳንድ ሜዳማ ቦታ ላይ ሰያፍ ሰያፍ የሆነ ሞገድ አለው። ከልኬቱ የመጣ ነው፤ በሪሳምፕሊንግ አይጠፋም። ራዳር ጥቅጥቅ ያለ ደን ላይ የሚያየው ቅጠሉን እንጂ አፈሩን ስላልሆነ የደን ዳርቻም ደረጃ ሆኖ ይወጣል። ሐይቅ ላይ ደግሞ ውሃው ካልተስተካከለ ጉብታ ጉብታ ይሆናል። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ያልተነካውን ፋይል በሂልሼድ አስቀድሞ በማየት ነው።

ሁለት ምንጭ ስታገጣጥሙ በመገጣጠሚያው ላይ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ እርከን ካያችሁ ግን ሪሳምፕሊንጉን ተዉትና የከፍታውን መነሻ ጠይቁ። ኤስአርቲኤም ከፍታን የሚለካው ኢጂኤም 96 ከሚባለው የባሕር ወለል ሞዴል ተነስቶ ነው። ኮፐርኒከስ ከኢጂኤም 2008 ይነሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛው ቦታ ትንሽ ነው። ከጂፒኤስ የመጣ መረጃ ግን ከኤሊፕሶይድ፣ ማለትም ምድርን ከሚወክለው ለስላሳ የሂሳብ ቅርጽ፣ ተነስቶ የተለካ ሊሆን ይችላል። በኤሊፕሶይድና በባሕር ወለል ሞዴሉ መካከል ያለው ርቀት እንደየቦታው ይለያያል፤ ከሕንድ በስተደቡብ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፣ ኒው ጊኒ አካባቢ ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ተራ የፕሮጀክሽን ለውጥ አግድሙን እንጂ ቁመቱን አይነካም። ቁመቱም እንዲቀየር ከፈለጋችሁ የሁለቱንም ፋይሎች የከፍታ መነሻ ለሶፍትዌሩ ለይታችሁ መንገር፣ የሞዴሉ ፋይል ኮምፒውተራችሁ ላይ መኖሩንም ማረጋገጥ አለባችሁ። ሞዴሉ ከሌለ አንዳንድ ሶፍትዌር ምንም ሳይናገር ቁመቱን እንዳለ ያልፈዋል። አንድ የታወቀ ነጥብ ላይ የበፊቱንና የኋላውን ቁጥር ስታነጻጽሩ ልዩነቱ ዜሮ ከሆነ ቁመቱ አልተቀየረም።